የ«ሩቅ ሰፈር» አስካለ

ልቅሶ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም። ሳሊተ ምሕረት፣ ከእትዬ አስካለ በር ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። አጠገቤ ጋሽ ደገፋ አሉ፤ አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አስደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ፊት ለፊታችን የነበረ አንድ ጎልማሳ፣ ወግ ነውና፣ «አባቴ፣ ሟቿ ምንዎ ነበሩ?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ደገፋ ቀና አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም ፈገግ እንኳን ሳይሉ «የሌላ ፕላኔት ንጉሥ አድርጋኝ ነበር» አሉት።

ጎልማሳው ሽማግሌው ሐዘን የበዛባቸው መስሎት መጀመሪያ አንገቱን ደፋ። ትንሽ ቆይቶ ግን እንደገና አያቸው። «እንዴ! ያ የሚያማትበው አረንጓዴ ሰውዬ እርስዎ ነዎት?» አለ፣ ድምፁ አምልጦት። ከኋላው ያሉት ሰሙ፤ ከነሱ ኋላ ያሉትም ሰሙ። አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ብትይዝም ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አሳበቀባት። ወዲያው ድንኳኑ በሙሉ እየሳቀ እንባውን ይጠርግ ጀመር። እኔም ሳቅኩ፤ ቀጥሎ አለቀስኩ። እዚያ መሃል ተቀምጣ ይህን መስማት የነበረባት እሷ ነበረች።

ለማያስታውስ ሰው ላስረዳ። የመገናኛው የባቡር መንገድ ገና ሲቆፈር፣ ቦሌ መንገድ ላይ ትናንት ያልነበረ ሕንጻ ዛሬ ቆሞ ሲገኝ፣ «ሩቅ ሰፈር» የሚባል ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስተው ሌላ ፕላኔት ላይ ቤት ሊሠሩ የሄዱ ሰዎች ታሪክ ነው። ያኔ ሁሉም ሰው ወይ ቤት እየሠራ ወይ ኮንዶሚኒየም እየጠበቀ ስለነበር ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አልነበረም። ደራሲዋም፣ አዘጋጇም፣ አንዳንድ ቀን የቡድኑን ምሳ በሳህን ቋጥራ የምታመጣውም እትዬ አስካለ ነበረች። እኔ የተቀረጸውን የምቆርጥና የምቀጥል ኤዲተር ነበርኩ።

«እትዬ» ብላትም አንቱ ብያት አላውቅም። ሃምሳን ያለፈች ሴት ብትሆንም አንቱታ ያናድዳት ነበር። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን «እንደምን አደሩ» ስላት «ህሊና፣ አንቺ ልጅ፣ ቀረጻ ላይ አንቱ የለም። አንቱ ያልሽውን ሰው ‹ይህ ቦታ አይረባም፣ ቆርጠህ ጣለው› ትይዋለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ቆርጠሽ ጣይ ብያታለሁ፤ ሰምታኝ ግን አታውቅም።

የመጣችው ከሬዲዮ ድራማ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ በጆሮዋ ስትሠራ ስለኖረች ካሜራው ለሷ ትርፍ ዕቃ ነበር። ቀረጻ ሲጀመር ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ታደርግና ወንበሯ ላይ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ተዋናዩ የሚለውን ከንፈሯ አብሮት ይላል። አንድ ቃል ከልብ ያልወጣ ከመሰላት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ብድግ ታደርጋለች፤ ሁላችንም እንቆማለን። ካሜራማኑ «እትዬ አስካለ፣ እንዲያው አንድ ጊዜ እንኳን እይው» ብሎ ሲለምናት «እኔ ካየሁት አንተ ለምን ተቀጠርክ ታዲያ?» ትለዋለች።

በዚህ አያያዝ ምን ዓይነት ድራማ እንደወጣ መገመት ይቻላል። ንግግሩ ሲሰሙት ያምራል፤ ሲያዩት ግን ጉድ ነው። የጠፈር መንኮራኩሩ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያለ ያላለቀ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ግድግዳውን በቆርቆሮ ሸፍነን፣ የተበላሹ የኮምፒውተር ኪቦርዶች ለጥፈንበት፣ አንድ የዛገ ዲሽ ጥግ ላይ አቁመናል። ፕላኔቱ ደግሞ ለባቡሩ የተቆፈረው ቀይ አፈር ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሰው በማይኖርበት በዚያ ፕላኔት ላይ አንዲት ፍየል ከኋላ እያመሰኳች ታልፋለች። አራተኛው ላይ መንኮራኩሩ ሲናወጥ ገሚሱ ተዋናይ ወደ ቀኝ፣ ገሚሱ ወደ ግራ ይወድቃል። እኔ በየሳምንቱ እየተቆጣሁ እቆርጣለሁ፤ እሷ በየሳምንቱ «ድምፁ ግን እንዴት ጥሩ ነው!» ትላለች።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ለምን እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ወር ነግራኛለች። ታላቅ እህቷ ዘውዲቱ በወጣትነቷ ባሏን ተከትላ አስመራ ገብታ ቀርታለች። ጦርነቱ ሲመጣ መንገዱም ስልኩም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የደረሳት ወሬ በሱዳን በኩል የመጣች አንዲት ሴት የነገረቻት ብቻ ነው፦ ዘውዲቱ በሕይወት አለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ማታ ማታ በዲሽ የኛን አገር ቴሌቪዥን ታያለች።

«በሬዲዮ የማይገባው ድምፄ በዲሽ ይገባል ማለት ነው» አለችኝ እትዬ አስካለ፣ የሆነ ሀብት ያገኘች መስላ። «ስለ ድንበር ብጽፍ ማን ያሳልፍልኛል? ስለ ጠፈር ብጽፍ ግን ማን ይቆጣኛል?»

ስለዚህ ድራማው የተጻፈው ከመጨረሻው ክፍል ተነስቶ ነበር። በዚያ ክፍል ሩቅ ፕላኔት ላይ ላለችው መሐንዲስ ከምድር የእህቷ መልእክት ይደርሳታል። መንገዱ ከመራቁ የተነሳ መልእክቱ ለዓመታት ሲጓዝ የቆየ ነው። መልእክቱን የሚያነበው ድምፅ የራሷ የአስካለ ነው። ዘውዲቱ ያን ድምፅ ትለየዋለች። ሌላው ክፍል በሙሉ፣ ፍየሏም መናወጡም፣ እዚያ ለመድረስ የተሠራ መንገድ ነበር።

አሁን ወደ ሰባተኛው ክፍል ልምጣ።

በሰባተኛው ክፍል የፕላኔቱ ነዋሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ይታያሉ። ተዋናይ ለመቅጠር አቅም ስላልነበረን የሰፈሩን ሰው ሰበሰብን። ንጉሣቸው የሕንጻው ጥበቃ ጋሽ ደገፋ ሆኑ፤ ያ ሕንጻ ከመቆሙ በፊት አባታቸው እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ እንደነበር እየነገሩን፣ ፊታቸውን አረንጓዴ አስቀቡ። ራሳቸው ላይ ብርማ የተቀባ የእንቁላል ካርቶን ደፉ። ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያላት የወሎዋ ከድጃም ገባች፤ ጎረቤቶቿንም አስከትላ መጣች። ሁሉም ሰማያዊ የግንባታ ሸራ ለብሰው ሲሰለፉ፣ እኔ በበኩሌ ከልቤ ፈራኋቸው። ትወናውም ጥሩ ነበር። ጋሽ ደገፋ እንዲህ የሚያስፈራ ዓይን እንዳላቸው ማንም አያውቅም ነበር።

ወቅቱ ሁዳዴ ነው፤ ቅዳሴ የሚቀደሰው ከሰዓት ነው። ባዕዳኑ መሐንዲሷን ከበው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ቀስ እያሉ ሲጠጓት ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደወሉ ተደወለ። ጋሽ ደገፋ ቀጥ አሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሩ። ካርቶኑ እንዳይወድቅባቸው በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ረጋ ብለው አማተቡ፣ ጎንበስ ብለው ተሳለሙ። የተከተሏቸውም ሁሉ እንደዚያው አደረጉ። ከድጃ ብቻ በትሕትና ቆማ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ሁሉም ተመለሱና እጃቸውን ዘርግተው መሐንዲሷን መክበባቸውን ቀጠሉ።

ካሜራማኑ አልቆመም፤ እትዬ አስካለ እጇን አላነሳችማ። እሷ ዓይኗን ጨፍና የምትሰማው ደወሉን ብቻ ነበር። ሲያልቅ ማዳመጫዋን አውልቃ «እንዴት ያለ ደወል ነው! ከሩቅ የመጣ ነው የሚመስለው። እንዳለ ይቀመጥ» አለች። ካሜራው የኪራይ ስለነበር ባለቤቶቹ እዚያው ጠቅልለው ወሰዱት።

ማታ ስቱዲዮ ውስጥ ሳሳያት አፏን ያዘች። ቆርጬ ላወጣው ሞከርኩ፤ ያለሱ ታሪኩ አይያያዝም፣ ሰዓቱም አይሞላም። ሌላ ቀረጻ የለንም፣ የሚተላለፈው በማግስቱ ነው። ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየችና «ይለፍ» አለች። «ይህን ያህል ማን ያስተውለዋል?»

ከተማው በሙሉ አስተዋለው። በሳምንቱ መገናኛ የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር ቤተ ክርስቲያን ባለፈ ቁጥር አንድ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ ካርቶን እንደያዘ ሰው፣ ያማትብ ነበር። ቦሌ ካፌዎቹ ውስጥ «ሰባተኛውን አይተኸዋል?» የማይል ወጣት አልነበረም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ድራማ ታሪክ ከዚያ የባሰ ክፍል እንዳልተሠራ ሁሉም ተስማማ። ጋሽ ደገፋ አፍረው ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም፤ ቄሳቸው መጥተው «ደግ ነው ያደረግኸው» ካሏቸው በኋላ ግን ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። እትዬ አስካለም መጀመሪያ ከኛ እኩል ስቃለች። ሳቋ የቆመው የጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ ቦሌ ካለው ቢሮው ሲጠራት ነው። እኔንም ይዛኝ ሄደች።

ኃላፊው ደግ ሰው ነበር፤ ሻይ አዘዘልን። «ስፖንሰራችን የፓስታ ፋብሪካው፣ ፓስታዬ ከመሳቂያ ጋር አይታይብኝ ብሏል» አለ። «ስለዚህ ወይ እዚህ ላይ እናቁመው፣ ወይ ኮሜዲ እናድርገው። አረንጓዴዎቹ በየሳምንቱ ይምጡ። አንዴ ዕቁብ ይጣሉ፣ አንዴ ቀበሌ ሄደው ይሰለፉ። በዚህ ከመጣሽ ሌላ ስፖንሰር እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ።»

«የመጨረሻውስ ክፍል? መልእክቱ የሚመጣበት?»

«እሱም ያስቅ፣ እትዬ አስካለ። ሰው ሊስቅ ተቀምጦ እንዴት ታስለቅሽዋለሽ?»

ሻይዋን ወደ ጎን ገፋች። «በሰባተኛው ያሳቅኩት ሳላውቅ ነው» አለች። «አውቄ ላስቅ ብል ማንም አይስቅልኝም። ደግሞ ሰው እየሳቀ የሚባለውን አይሰማም። እኔ የምፈልገው አንድ ሰው እንዲሰማኝ ነው።»

ደረጃውን ስንወርድ ተናደድኩባት። ኮሜዲውን ትሥራና የመጨረሻውን ክፍል በመሃል ሹልክ አድርጋ ታስገባዋለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ይህንኑ ነገርኳት። አስፋልቱ ዳር ቆመች። «ዘውዲቱን አታውቂያትም» አለችኝ። «ቀልድ ከመሰላት ተነስታ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች።» ይህን ብላ ታክሲ ውስጥ ገባች፤ እስከ መገናኛ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ድራማው በዚያው ቆመ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃል። እሷ ግን በወሩ ደወለችልኝና «ትንሿን ካሜራ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። መሐንዲሷን የምትሠራው ተዋናይ ራሔልም ያለ ክፍያ መጣች። የመጨረሻውን ክፍል እዚያው እትዬ አስካለ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን ቀረጽነው። ቆርቆሮም ዲሽም አልነበረም፤ አንዲት ሴት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ የእህቷን ድምፅ ትሰማለች፣ በቃ። እትዬ አስካለ ከማይክራፎኑ ጋር ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና አነበበች።

«እኔ ደህና ነኝ። ግቢው ውስጥ ያለው ኮክ ዘንድሮ አፍርቷል። ጉልበትሽ ተሻለሽ? አሁንም መብራት ካልበራ እንቅልፍ አይወስድሽም? የእማዬን ሻሽ ታስሪያታለሽ ወይስ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሻት? መልስሽ እስኪመጣ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ራሔል እንድታለቅስ አልተነገራትም ነበር። ያን ክፍል ስቆርጥ የቆረጥኩት ነገር የለም።

አሁን ጥያቄው የት ይታይ የሚለው ሆነ። መልሱን ያመጣችው እሷ ናት፤ ሰምቼ አበደች እንዴ ብያለሁ። በዚያ ጊዜ መገናኛ ላይ ፍላሽና ሚሞሪ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ፊልምና ድራማ የሚጭኑ ሱቆች በየጥጉ ነበሩ። ፊልም ሠሪ ሁሉ ሌቦች ይላቸዋል፤ ከነሱ ተደብቆ ነው የሚሠራው። እትዬ አስካለ ግን ሥራዋን በእጇ ይዛ ወደነሱ ሄደች። የመጀመሪያው ሱቅ የቢኒ ነበር፤ ፈጣን፣ አራዳ የሆነ ወጣት ነው።

«ሰባተኛውን ክፍል ትጭናለህ?» አለችው።

«ማዘር፣ እሱን ያልጫንኩለት ሰው አለ እንዴ? የጭነት ሾፌሮቹ ራሱ ለመንገድ እሱን ነው የሚሉኝ። ሁመራ በይው፣ መቀሌ በይው።»

«እንግዲያው ከሱ ጋር ይህንን አብረህ ጫንልኝ።»

«ይሄም ያስቃል?»

«አያስቅም።»

«ሰው ያልጠየቀኝን እንዴት ልጫንበት?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰባተኛውንም የሠራሁት እኔው ነኝ፤ እስከ ዛሬ በነጻ ስትጭነው ምንም አላልኩህም» አለችና ፈገግ አለች። ቀጥላም ስለ ዘውዲቱ ነገረችው። ቢኒ ፍላሹን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። ደንበኞች እየጠበቁ የመጨረሻውን ክፍል እስከ መጨረሻው አየው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ አስቀመጣቸውና፣ ሱቁን ለጓደኛው ትቶ፣ የቀሩትን ሱቆች በሙሉ እየዞረ ራሱ አስተዋወቀን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊስቅ የመጣ ሁሉ የአስካለን መልእክት ሳያውቀው ኪሱ ከትቶ ይሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከዘውዲቱ ምንም ወሬ አልመጣም። እሷ ወደ ሬዲዮ ተመለሰች። እኔ ሌላ ሌላ ሥራ ያዝኩ። ባቡሩ መሄድ ጀመረ፣ መንኮራኩራችን የነበረው ሕንጻ አልቆ ሰው ገባበት። ሰባተኛው ክፍል አልሞተም፤ እሷ ባለችበት ሁሉ አንድ ሰው ያነሳዋል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። የመጨረሻውን የሚያነሳላት ግን እጅግ ጥቂት ነው። «ደርሷት ይሆን?» ብዬ በጠየቅኳት ቁጥር «መንገዱ ሩቅ ነው» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳን «አልደረሰም» ስትል አልሰማኋትም።

የአስመራው መንገድ የተከፈተው በድንገት ነው። ስልክ ተከፈተ ሲባል የድሮውን ቁጥር ደወለች፤ አይሠራም። ሦስት ቀን ሙሉ ስትደውል ከርማ ድምፅዋ ዘጋ። በመጨረሻ አንድ ዘመድ ዘውዲቱ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው ብሎ ነገራት፤ እኔና እትዬ አስካለ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን።

የዚያን ቀን የነበረውን ያየ ሰው አይረሳውም። ከመውጫው በር ሰው በወጣ ቁጥር እልልታው፣ ልቅሶው፣ አበባው። የማይተዋወቁ ሰዎች ይሳሳማሉ። እትዬ አስካለ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። «ብታልፈኝስ? ብትለወጥብኝስ?» እያለች እጄን ትጨብጠኛለች። ሁሌ የማትፈራ ሴት ስለነበረች እኔንም አስፈራችኝ።

ዘውዲቱ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣች። አጭር፣ ወፍራም፣ እያነከሰች የምትራመድ አሮጊት ናት። አልሮጠችም፣ እልል አላለችም። ሻንጣዋን አቆመች፣ የእህቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። እትዬ አስካለ ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደመቻት።

«ጉልበቴ አልተሻለኝም» አለች። «እንዲያውም ብሶበታል።»

እትዬ አስካለ ፊቷን በያዙት እጆች ላይ የራሷን እጆች ደረበች።

«መብራቱን ግን አሁን አጠፋለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለመድኩት።» ዘውዲቱ እንባዋ እየወረደ ነው፤ ድምፅዋ ግን ጸጥ ያለ ነው። «የእማዬን ሻሽ ጎረቤት ለሠርግ ተውሳኝ ሳትመልስልኝ ቀረች። እንዳትቆጪኝ።»

«ሻሿን?» አለች አስካለ፣ እያለቀሰች። «ለማን ነው ያዋስሻት?»